ንጉሥ ሄሮድስና የኦሎምፒያ ጨዋታ

ሄሮድስ የኤዶማዊው የአንቲጳጥሮስ ልጅ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ከልደት በፊት በ40 ዓመት የሮማ ሸንጎ በይሁዳ ላይ ንጉሥ ብሎ ሠየመው፤ ከ3 ዓመትም በኋላ ኢየሩሳሌምን በጦር ይዞ ነገሠ። የቤተ ልሔምን ሕፃናት ማስፈጀቱ ከወንጌል የታወቀ ስለ ሆነ፥ እዚህ የሚነገረው ስለ ገንዘቡ አወጣጥ ነው።

ይህ ንጉሥ የግሪኮችን ጨዋታ እጅግ ይወድ ነበር። በኢየሩሳሌም ቴያትርና የውድድር ሜዳ አሠርቶ፥ በየ4 ዓመቱ በቄሣር ስም ውድድር እንዲደረግ አዘዘ፤ ላሸናፊዎችም ብዙ ሽልማት ሰጠ። ሕዝቡ ግን ነገሩን የአባቶችን ሕግ እንደ ማፍረስ ቈጠረው፤ 10 ሰዎችም ሊገድሉት ተማምለው ሳሉ ተይዘው ሞቱ።

በኋላ ወደ ሮማ ሲሄድ በግሪክ አገር ቢያልፍ፥ የኦሎምፒያ ጨዋታ በገንዘብ እጦት ተዳክሞ አገኘው። ያን ጊዜ የጨዋታው ሹም ሆኖ ወጪውን ቻለ፤ ለወደፊቱም የማይቋረጥ ገቢ መደበለት። ስለዚህ ስሙ የዘወትር ሹም ተብሎ ተጻፈ። ጨዋታው መጠቀሙ አይካድም፤ ነገር ግን የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚሞላው የይሁዳ ገበሬ ግብር ነበር፤ ያ ገበሬም ኦሎምፒያን በዓይኑ አላየም።

ሆኖም ለሕዝቡ ፈጽሞ አላሰበም ማለት ሐሰት ይሆናል። በ25 ዓመት ገደማ ረኃብ በገባ ጊዜ የቤተ መንግሥቱን የወርቅና የብር ጌጥ አስቀልጦ ከግብፅ እህል ገዝቶ አብልቷል።

ፈረንጆች የልደቱን ዓመት አሳስተው ስለ ቈጠሩ፥ ሞቱን ከልደት በፊት በ4 ዓመት ያደርጉታል። በዚያው ዓመት 50 የአይሁድ መልእክተኞች ሮማ ገብተው በአውግስጦስ ቄሣር ፊት ቆሙ፤ በከተማው ከሚኖሩት አይሁድም ከ8,000 የሚበልጡ አብረዋቸው ነበሩ። ሄሮድስ የባዕድን ከተሞች እያስጌጠ የገዛ አገሩን አደኸየ ብለው ከሰሱ። ቄሣርም መንግሥቱን ለ3 ልጆቹ ከፈለ፤ ከግብር አራተኛውን እጅ የማረው ግን ለሰማርያ ሰዎች ነው፥ በዚያ ሰሞን በተነሣው ዐመፅ አልገቡምና።