ጂሚ ሄንድሪክስና ባለ አንድ አውታሩ ኡኩሌሌ

እኔ ክራር መምታት የለመድሁ የወለቃ ልጅ ነኝ። ወደ ጊታር ልሻገር ባልሁ ጊዜ የለመድኸውን ሁሉ ርሳውና እንደ ገና ጀምር ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ምክራቸው አላጠገበኝምና ከትንሽ መሣሪያ ወደ ጊታር የተሻገረ ሰው ታሪክ ስፈልግ የጂሚ ሄንድሪክስን አገኘሁ። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጂሚ ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በአሜሪካ፥ በሲያትል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ድኾች ነበሩ፤ በ1951 ተፋቱ፥ እናቱም በ1958 ሞተች። ጂሚ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ መጥረጊያ እንደ ጊታር ታቅፎ ይዞር ነበር። ይህን ያየ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ለችግረኛ ልጆች ከተመደበው ገንዘብ ጊታር እንዲገዛለት፥ ያለዚያ ልጁ በመንፈሱ እንደሚጎዳ በደብዳቤ አመለከተ። ጊታሩ ግን አልተገዛም። መጥረጊያ ታቅፎ ከሚውል ልጅ የበለጠ ምን ማስረጃ ኖሯል!

በ1957 አባቱን በሥራ ሲረዳ፥ ከአንዲት አሮጊት ቤት በወጣ ጥራጊ ውስጥ ኡኩሌሌ አገኘ፤ ሴትዮዋም እንዲወስደው ፈቀደችለት። ኡኩሌሌ በሃዋይ ደሴቶች የታወቀ፥ አራት አውታር ያለው ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ ነው። የጂሚ ግን የቀረው አንድ አውታር ብቻ ነበር። በዚያችው አውታር የኤልቪስ ፕሬስሊን ዘፈኖች እየሰማ ድምፁን አንድ በአንድ በጣቱ ይፈልግ ነበር። አዝማሪ በመሰንቆ አንድ ጭራ ስንቱን ዜማ እንደሚያወጣ የሚያውቅ የጎንደር ሰው በዚህ አይደነቅም።

በ1958፥ በ15 ዓመቱ፥ በ5 ዶላር የተገዛ ጊታር እጁ ገባ። ግራኝ ስለ ነበረ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ ይይዝ፥ አውታሮቹንም እንደሚስማማው መልሶ ይወጥር ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ። የጊታር አራቱ ቀጫጭን አውታሮች በመካከላቸው ያለው የድምፅ ርቀት ከኡኩሌሌ ጋር በአብዛኛው አንድ ነው። ስለዚህ ኡኩሌሌ የለመደ ሰው የጣቶቹን አቀማመጥ ወደ ጊታር ይዞ ይሻገራል፤ አዲስ የሚሆኑበት ሁለቱ ወፋፍራም አውታሮች ናቸው። ጂሚ ግን አውታሩ አንድ ነበርና ይህን ጥቅም አላገኘም። ክራር መቺም አያገኝም፤ የክራር አውታር አንገት ላይ አይጫንም፥ ግራ እጅ የማይፈለገውን ድምፅ ያፍናል እንጂ። እንግዲህ ጂሚ ይዞ የተሻገረው ጆሮውን ነው። ኖታ ማንበብ ሳያውቅ ኖረ። ወፋፍራሞቹንም አውታሮች በረጅም አውራ ጣቱ ከአንገቱ በላይ እየተጫነ ሌሎቹን አራት ጣቶች ለዜማው ነጻ ያደርጋቸው ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ እንደ ገና የጀመረ ሰው ሥራ አይደለም።

በ1959 አባቱ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛለት፤ እሱም ተሰረቀ። በ1961 በአየር ወለድ ጦር ተቀጥሮ በ1962 ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ዘፋኞች አጃቢ ሆኖ ዓመታት አሳለፈ። በ1966 ወደ ለንደን ሄዶ የራሱን ቡድን አቋቋመ፤ በ1967 በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ በዓል ላይ፥ በ1969 ደግሞ በዉድስቶክ ተጫወተ። በዉድስቶክ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር አሰማ።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ በ27 ዓመቱ ሞተ፤ በሲያትል አጠገብ በሬንተን ከተማ ተቀበረ። በሕይወቱ ሳለ ያወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች 3 ብቻ ናቸው።