ከቆላ እስከ ደጋ የዕጢን ዱካ የተከተሉት ሐኪም

እ.ኤ.አ በ1957 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል አንድ ትንሽ ልጅ ለሕክምና ቀረበ። የላይኛውም የታችኛውም መንጋጋው በግራና በቀኝ አብጦ ነበር። እንዲያዩት የተጠሩት የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ዶክተር ዴኒስ በርኪት እንዲህ ያለ እብጠት ከዚያ ቀደም አላጋጠማቸውም።

በርኪት በ1911 በአየርላንድ ኢኒስኪለን ከተማ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን በአደጋ አጡ። በደብሊን ሕክምና ተምረው በ1946 ወደ ኡጋንዳ አቀኑ።

ከሙላጎው ልጅ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በጂንጃ ከተማ ተመሳሳይ ሕፃን አዩ። የዚህኛው ሕፃን ሆድም ዕጢ ነበረበት። በርኪት የሆስፒታል መዝገቦችን ሲያገላብጡ፣ እስከዚያ ድረስ የመንጋጋ፣ የኩላሊት ወይም የሌላ አካል ዕጢ እየተባለ ለየብቻ የተጻፈው በሽታ አንድ መሆኑን ተረዱ። ግኝታቸውን በ1958 አሳተሙ። የፓቶሎጂ ባለሙያዎችም በሽታው ሊምፎማ የተሰኘው ካንሰር መሆኑን ለዩ።

ጥያቄው ግን አላበቃም። በሽታው የት ይገኛል? የትስ አይገኝም? በርኪት መልሱን ፍለጋ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በአሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ የገጠር ሆስፒታሎችን ጎበኙ። በሽታው በሞቃታማና ዝናባማ ቆላ ይበዛል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ግን እምብዛም አይታይም። ካርታው የወባን ካርታ ይመስል ነበር። በ1964 የለንደን ተመራማሪዎች ከኡጋንዳ በተላከ የዕጢ ናሙና ውስጥ ኤፕስታይን ባር የተባለውን ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱና ተደጋጋሚ ወባ አብረው ለበሽታው መንገድ እንደሚከፍቱ ከጊዜ በኋላ ታወቀ።

የበሽታው ምንነት መታወቁ የሕፃናቱን ዕጣ ለወጠ። ቀዶ ሕክምና ሊያድናቸው ያልቻለ ሕፃናት በካንሰር መድኃኒት እብጠታቸው ሲሟሽሽ ታየ፤ ከፊሎቹም ፈጽመው ዳኑ።

በርኪት በ1993 አረፉ፤ በሽታው ግን እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ሊምፎማ በአንገት፣ በሆድ ዕቃ፣ እጅግ አልፎ አልፎም በሐሞት ቱቦ ላይ ሊወጣና ሌላ ዕጢ ሊመስል ይችላል። ማንነቱ የሚረጋገጠው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። ስለዚህ በልጅ መንጋጋ ወይም ሆድ ላይ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ሲታይ፣ ይጠፋል ብሎ ከመጠበቅ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ሕይወት ያተርፋል።