ካናዳን እምቢ ያለው ካናዳዊ

ካናዳ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቪዛና ብርድ ነው። አገሪቱ ራሷ እንዴት አንድ አገር እንደሆነች ግን እምብዛም አናወራም። እስከ 1867 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ዛሬ ካናዳ የምንላት አገር አልነበረችም። በእንግሊዝ ሥር ያሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አገረ ገዥ፣ ምክር ቤትና የጉምሩክ ቀረጥ ያላቸው የተለያዩ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። ከነሱ አንዷ ኖቫ ስኮሺያ ናት፤ በአትላንቲክ ዳር ያለች፣ በአሣ፣ በእንጨትና በመርከብ የምትኖር ግዛት። የዛሬው ሰውዬ ጆሴፍ ሃው የዚያች ግዛት ልጅ ነው።

በ1804 በሃሊፋክስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከቦስተን የመጣ አታሚ ነበር፤ አሜሪካኖች በእንግሊዝ ላይ ሲያምፁ ከንጉሡ ጎን ቆሞ የተሰደደ። ልጁም ለእንግሊዝ ያለውን ፍቅር የወረሰው ከቤቱ ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። በ13 ዓመቱ ማተሚያ ቤት ገባ፣ የጎደለውን በንባብ ሞላ፣ በ23 ዓመቱ ደግሞ ኖቫስኮሺያን የተባለውን ጋዜጣ ገዛ።

ያን ጊዜ ግዛቲቱ ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት ነበራት። ችግሩ ከላዩ 12 ሹመኞች ያሉበት ሸንጎ መቀመጡ ነው። ዋናው ዳኛ አለበት፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አለበት፣ ባንክ ያቋቋሙ ነጋዴዎች አሉበት። የሚሰበሰቡት በዝግ ነው። ሕግ የሚያጸድቁትም፣ አገረ ገዥውን የሚያማክሩትም እነሱው። የጥቅም ግጭት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ1835 መጀመሪያ ሃው አንድ ደብዳቤ በጋዜጣው አወጣ። የጸሐፊው ስም አልተገለጸም። ደብዳቤው የከተማዋ ሹሞችና ፖሊሶች በ30 ዓመት ውስጥ 30,000 ፓውንድ ከሕዝብ ኪስ ወስደዋል የሚል ነበር። ሹሞቹ ከሰሱት። በጊዜው ሕግ የጻፍከው እውነት መሆኑ አያድንህም፤ ጽሑፉ ባለሥልጣንን በሕዝብ ዘንድ የሚያስጠላ ከሆነ በቃ፣ ወንጀል ነው። ጠበቆች ዘንድ ሄደ፤ ማምለጫ የለህም አሉት። እሱም የሕግ መጻሕፍት ተውሶ ቤቱ ገባና ሲያነብ ሰነበተ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ራሱን ችሎ ከስድስት ሰዓት በላይ ተናገረ። ዳኛው ጥፋተኛ በሉት ብሎ ጁሪዎቹን አዘዘ፤ ጁሪ ማለት ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። አሥር ደቂቃ ብቻ ተመካከሩና ነጻ ነህ አሉት። ሕዝቡ ተሸክሞ ቤቱ አደረሰው። የተሟገተበት ክፍል ዛሬ የግዛቲቱ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ተመረጠ። በ1837 ሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች፣ የላይኛውና የታችኛው ካናዳ የሚባሉት፣ ጠመንጃ ሲያነሱ ሃው ዐመፁን ተቃወመ። የእሱ መሣሪያ ወረቀት ነበር። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ግዛቲቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች የተመረጠው ምክር ቤት እምነት ያላቸው ይሁኑ፣ እምነት ሲያጡ ይውረዱ። በእንግሊዝ የሚሠራው አሠራር ለኛስ ለምን ይከለከላል ነው ነገሩ። በ1839 ለእንግሊዙ ሚኒስትር ለሎርድ ጆን ራስል ግልጽ ደብዳቤዎች እየጻፈ ይህንኑ ሞገተ። በ1840 የዋናው ዳኛ ልጅ ለሽጉጥ ፍልሚያ ጠራው። ልጁ ተኩሶ ሳተ፤ ሃው ደግሞ ወደ ሰማይ ተኮሰና ተለያዩ።

በ1847 ምርጫ ለውጥ ፈላጊዎቹ አሸነፉ። በየካቲት 1848 ከእንግሊዝ ውጭ ባሉት ቅኝ ግዛቶች ሁሉ የመጀመሪያው፣ ለተመራጮች ተጠያቂ የሆነ መንግሥት ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ተቋቋመ። አንድ ብርጭቆ እንኳ ሳይሰበር! ሃው የመንግሥቱ ጸሐፊ ሆነ፣ ለባቡር ሐዲድ ሮጠ፣ በ1860 ደግሞ የግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1863 ግን ቻርልስ ተፐር የሚባል ሐኪም ባለበት ፓርቲ ተሸነፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1864 የቅኝ ግዛቶቹ መሪዎች በሻርሎትታውንና በኩቤክ ተሰብስበው አንድ አገር እንሁን አሉ። ምክንያት ነበራቸው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ትልቅ ጦር አፍርቷል፣ ያስፈራል። ከአሜሪካ ጋር የነበረው የንግድ ስምምነት በ1866 አበቃ። የባቡር ሐዲድ ደግሞ ለአንድ ትንሽ ግዛት አቅም ከባድ ነው። ሃው ያኔ የአሣ ሀብት ኮሚሽነር ስለነበር ከጉባኤዎቹ ቀረ፤ ከዚያ ግን ዕቅዱን ያለ ስሙ በሚያወጣቸው ጽሑፎች ወረደበት። ቀድሞ ስለ አንድነት ጥሩ ይናገር ስለነበር ተቃዋሚዎቹ ይህን እያነሱ በተፐር ቀንቶ ነው ይሉታል። ቅናት አልነበረም ብዬ አልከራከርም። ክርክሩ ግን ከቅናት ይበልጣል።

አንደኛው ገንዘብ ነው። የኖቫ ስኮሺያ ዋና ገቢ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር። በአዲሱ ስምምነት ቀረጡ ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ ለግዛቲቱ በነፍስ ወከፍ 80 ሳንቲም ይመለስላታል። መንገድና ትምህርት ቤት በዚያ እንዴት ይሠራል? ሁለተኛው ይብሳል፦ ተፐር ነገሩን በ1866 በምክር ቤቱ አሳለፈው እንጂ ሕዝቡን በምርጫ አልጠየቀም። ሕይወቱን ሙሉ መንግሥት ለመራጩ ይጠየቅ ሲል ለኖረ ሰው ይህ የሚዋጥ አልነበረም።

ካናዳ በሐምሌ 1 ቀን 1867 ተመሠረተች። በመስከረም ምርጫ ሲደረግ ከኖቫ ስኮሺያ 19 የፌዴራል ወንበሮች 18ቱን ተቃዋሚዎቹ ወሰዱ፤ የቀረችውን አንዷን ያገኘው ተፐር ራሱ ነው። ሃው ይህን ውጤት ይዞ ልቀቁን ለማለት በ1868 ለንደን ገባ። በነገራችን ላይ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት በዚያው ዓመት ኤፕሪል ነው፤ ሃው ለንደን ደጅ ሲጠና የእንግሊዝ ጦር እኛ አገር ነበር። መልሱ አይሆንም ሆነ። ለንደን ቅኝ ግዛቶቹ ተሰባስበው መከላከያቸውን ራሳቸው እንዲሸከሙ ነበር የምትፈልገው።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ቀረ፦ ወይ ኃይል፣ ወይ ወደ አሜሪካ መጠቃለል። የዚያ የቦስተን ስደተኛ ልጅ ሁለቱንም አልቻለም። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከጆን ማክዶናልድ ጋር ተደራደረ። በ1869 ለግዛቲቱ ለአሥር ዓመት በየዓመቱ ከ82,000 ዶላር በላይ ተጨማሪ ገንዘብ አስገኘና ራሱም ካቢኔ ገባ። የትናንት ወዳጆቹ ከሃዲ አሉት። እኔ ግን ተገዛ አልልም፤ የሚያሸንፍበት ካርድ ካለቀበት በኋላ ለሕዝቡ ማግኘት የሚቻለውን አግኝቷል። የ80 ሳንቲሟ ክርክሩ ትክክል እንደነበረች ያመነው ማዕከላዊው መንግሥት ራሱ፣ ገንዘቡን በመጨመሩ ነው።

ሚኒስትር ሲሆን በሕጉ መሠረት እንደገና መመረጥ ነበረበት። በዚያ ክረምት በሃንትስ አውራጃ በብርድ እየዞረ ተከራከረ፤ አሸነፈ፣ ጤናው ግን አልተመለሰም። በግንቦት 1873 የኖቫ ስኮሺያ አገረ ገዥ ተደርጎ ተሾመና በወጣትነቱ ሲታገላቸው የነበሩት ገዥዎች ይኖሩበት ወደነበረው ቤት ገባ። ሦስት ሳምንት ያህል ኖረበት። ሰኔ 1 ቀን እዚያው ሞተ።