ክርስቲያን ሃይገንስ፦ የፔንዱለምን ምስጢር የፈታው ሰው

ልጆች ዥዋዥዌ ሲጫወቱ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በኃይል የተገፋውም በቀስታ የተገፋውም ሄዶ የሚመለሰው በተቀራራቢ ጊዜ ነው። ሩቅ የሚሄደው በዚያው ልክ ይፈጥናልና። ይህን ነገር በሒሳብ እስከ ጥጉ ያደረሰው ክርስቲያን ሃይገንስ ይባላል።

ሃይገንስ እ.ኤ.አ. በ1629 በሆላንድ፣ በዘ ሄግ ከተማ፣ ከታወቀ የፕሮቴስታንት ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ባለ ቅኔና የኦራንጅ መሳፍንት ጸሐፊ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዓቶች በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ይሳሳቱ ነበር። ሃይገንስ በ1656 ፔንዱለምን ከሰዓት ጋር ሲያገናኝ ስሕተቱ ከአንድ ደቂቃ በታች ወረደ።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበረበት። እስቲ እናንተም ሞክሩት። አንድ ሜትር በሚያህል ክር ጫፍ ድንጋይ አንጠልጥሉ። ከመካከሉ 5 ሳንቲ ሜትር ስባችሁ ብትለቁት፣ በመካከሉ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። 10 ብትስቡት ወደ 31 ይደርሳል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ሆነ፤ ስለዚህ ሁለቱም ሄደው ለመመለስ 2 ሴኮንድ ያህል ይወስድባቸዋል። እጅግ አርቃችሁ ብትለቁት ግን ፍጥነቱ ስፋቱን መከተል ያቅተዋል፤ ጊዜውም ይረዝማል። ታላቁ ጋሊልዮ እንኳ ስፋቱ ጊዜውን ፈጽሞ አይለውጠውም ይል ነበር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! መርከበኞች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደ ራቁ ለማወቅ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ሲሳሳቱ መርከብ ተሰብሮ ሰው ያልቃል።

ሃይገንስ መልሱን በ1659 አገኘ። ድንጋዩ በክብ መስመር ሳይሆን፣ የሚንከባለል ጎማ ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ በሚሠራው መስመር ከሄደ፣ ሰፊም ይሁን ጠባብ ጊዜው አንድ ነው። ክሩን በሁለት ጎባጣ ብረቶች መካከል ሰቅሎ ድንጋዩን በዚያ መስመር አስኬደው።

ከ1666 ጀምሮ በፓሪስ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ደመወዝተኛ ሆነ። በ1672 ንጉሡ ሆላንድን ሲወር፣ የሃይገንስ ወንድም የሆላንዱ መሪ የዊልያም ጸሐፊ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሃይገንስ ስለ ፔንዱለም የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ለዚያው ለሉዊ አበረከተ። አገሩ በጦር እየተጨነቀች እንዲህ ማድረጉ ብዙዎችን ሳያስከፋ አይቀርም። በ1675 ደግሞ የሰዓትን ሞላ ሠራ። ሞላ በራቀ ቁጥር በዚያው ልክ ይስባልና ፍጥነቱ ስፋቱን ይከተላል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ግን ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ተከራከረው።

በ1681 ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1685 ሉዊ ፕሮቴስታንቶችን የሚጠብቀውን ሕግ ሻረ፤ ሃይገንስም ወደ ፓሪስ ሥራው ዳግመኛ አልተመለሰም። በ1695 በተወለደባት ከተማ አረፈ።