ካርል ኤክሊ

ካርል ኢታን ኤክሊ (እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1864 – ኖቬምበር 17 ቀን 1926) አሜሪካዊ የታክሲደርሚ ባለሙያ፣ ቀራፂና የፈጠራ ሰው ነበር። ታክሲደርሚ የሞተ እንስሳን ቆዳ በተዘጋጀ ቅርጽ ላይ አልብሶ፣ በሕይወት ያለ አስመስሎ የማቆም ሙያ ነው። ኤክሊ የዘመናዊ ታክሲደርሚ አባት ይባላል። ይህን ስም ያተረፈው እንስሳውን አሳምሮ በማቆሙ ብቻ ሳይሆን፣ እንስሳው የሚኖርበትን ሣር፣ ቅጠል፣ ውኃና ጭቃ ጭምር አስመስሎ በመሥራቱ ነው። እንዲህ ያለው በመስታወት በኩል የሚታይ ትዕይንት ዳዮራማ ይባላል።

የሕይወት ጅማሬ

ኤክሊ በኒው ዮርክ ግዛት ክላረንደን በተባለች የገጠር ቀበሌ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በትምህርት ቤት የቆየው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ19 ዓመቱ በሮቸስተር ከተማ ለሙዚየሞች እንስሳት ያዘጋጅ በነበረው በዋርድ ድርጅት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የተለመደው አሠራር የእንስሳውን ቆዳ እንደ ጆንያ በጭድ መጠቅጠቅ ነበር። እንዲህ የተሠራ እንስሳ ጡንቻውም አጥንቱም አይለይም፤ ለወጣቱ ኤክሊም ይህ አሠራር አልተዋጠለትም። እ.ኤ.አ. በ1885 በካናዳ ባቡር ገጭቶ የገደለውን ጃምቦ የተባለ ዝነኛ የሰርከስ ዝሆን ለእይታ ካቆሙት ሠራተኞች አንዱ እርሱ ነበር።

የረግረጉ ትዕይንት

ኤክሊ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ሚልዋኪ ከተማ ሙዚየም ተዛወረ። በ1890 መስክራት የተባሉ፣ በረግረግ ውስጥ የሚኖሩ አይጥ መሰል እንስሳትን የሚያሳይ ትዕይንት አጠናቀቀ። ሥራው የእንስሳቱን ኑሮ ከውኃው በላይም ከውኃው በታችም በአንድነት ያሳያል። በሙዚየም ከተሠሩት ሙሉ የመኖሪያ አካባቢ ዳዮራማዎች የመጀመሪያዎቹ ውስጥ የሚቆጠር ሲሆን፣ እስካሁንም በሚልዋኪ ይታያል።

በኋላ በቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ሲሠራ የራሱን ዘዴ አዳበረ። በመጀመሪያ የእንስሳውን ጡንቻና አቋም በሸክላ ጭቃ ይቀርጻል። ከዚያም በጄሶ ቅርጹን ይገለብጣል፤ በቅርጹ ውስጥ ቀላልና ውስጡ ክፍት የሆነ አካል ይሠራና ቆዳውን ያለብሰዋል። ከባለቤቱ ከዴሊያ ጋር ለዓመታት የደከመበትና እ.ኤ.አ. በ1902 ለሙዚየሙ የተሸጠው ሥራ፣ አጋዘኖችን በአራቱ ወቅቶች የሚያሳይ ነው። ለዚህ ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅጠሎች ከሰም ተሠርተዋል።

ውኃና ጭቃን የማስመሰል ችግር

ለዳዮራማ ሠሪ ከእንስሳው ይልቅ ውኃው ይከብዳል። እውነተኛ ውኃ በተዘጋ መስታወት ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም። ይተናል፣ መስታወቱን ያደበዝዛል፣ ሻጋታ ያመጣል፣ ቆዳውንም ያበላሻል። ስለዚህ የሙዚየም ባለሙያዎች ውኃን በመስታወት፣ በሰምና በቫርኒሽ ይተኩ ነበር። ውኃ ራሱ ቀለም ስለሌለው፣ ጥልቀቱን የሚያሳየው ከሥሩ ያለው ወለል ነው። ወለሉ ከዳር ፈዘዝ፣ ወደ መሐል ጠቆር ተደርጎ ይቀባል፤ መስታወቱ ከላዩ ይጋደማል። የዛሬ ሞዴል ሠሪዎች በመስታወቱ ፋንታ ኤፖክሲ ሬዚን በስሱ ደጋግመው ያፈሳሉ፤ የወለሉ ሕግ ግን አልተለወጠም።

ጭቃም የራሱ ጣጣ አለው። ስሙ የሰንጋ ገበያን የሚያስታውሰው የአዲስ አበባው ሰንጋ ተራ ዛሬ ፎቅና አስፋልት ቢሆንም፣ የከብት ገበያ መሬት በክረምት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ችግሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጭቃ አንድ ዓይነት ቡናማ ቀለም ብቻ የለውም። እርጥቡ ይጠቁራል፣ ያብለጨልጫል፤ የደረቀው ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፤ በኮቴ ዳና ውስጥ ውኃ ይቋጥራል። ባለሙያው ጄሶን ወይም የተላቆጠ ወረቀትን ከእውነተኛ አፈር ጋር ያዋህዳል፤ ሳይደርቅ ኮቴ ያትምበታል። ቫርኒሹን ከውኃው ዳር ብቻ ይቀባና ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁሉም ቦታ ካብለጨለጠ ተመልካቹ ጭቃ ሳይሆን ቀለም ያያል። የእንስሳው እግርም ጭቃው ውስጥ ሰመጥ ካላለ ክብደት ያለው አይመስልም።

የሲሚንቶ መርጫው

ሰው ሠራሽ አለትን በተጨመቀ አየር ጄሶ እየረጩ መሥራት ኤክሊን ወደ ሌላ ፈጠራ መራው። የሙዚየሙ ሕንፃ ግድግዳ መፈራረስ ሲጀምር፣ ሲሚንቶን በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1911 የፈጠራ መብት አገኘበት። ዛሬ የዋሻና የገደል ግድግዳ የሚጠናከርበት ሾትክሪት የተባለው አሠራር መነሻው ይህ ነው። ከዚህ ሌላ የዱር እንስሳትን ለመቅረጽ የሚያመች የፊልም ካሜራም ፈጥሯል።

በአፍሪካ

ኤክሊ አፍሪካን አምስት ጊዜ ጎብኝቷል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1896 ወደ ያኔዋ የብሪታንያ ሶማሌላንድ ያደረገው ጉዞ ነበር። በዚህ ጉዞ ያቆሰለው ነብር ዘሎ ሲይዘው፣ ክንዱ እየተነከሰ በባዶ እጁ ታግሎ ገደለው። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ በኬንያ ተራራ ዝሆን ደፍጥጦት ለጥቂት ተረፈ። ሲያገግም፣ የአፍሪካን እንስሳት ከነመኖሪያቸው የሚያሳይ ታላቅ አዳራሽ በኒው ዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለመሥራት አቀደ።

ይህ ዕቅድ የሕይወቱን ትልቅ ቅራኔ ይዟል። ለዳዮራማ የሚሆኑት እንስሳት የሚገኙት በአደን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በሚኬኖ ተራራ ጎሪላዎች ለሙዚየሙ ተወሰዱ፤ ግድያው እንደከበደው ኤክሊ በኋላ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ጎሪላዎች እንዲጠበቁ የቤልጂየምን ንጉሥ አልበርትን ወተወተ። እ.ኤ.አ. በ1925 ዛሬ ቪሩንጋ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ኤክሊ ለአዳራሹ ሥራ ተመልሶ በሄደበት በዚያው በሚኬኖ ታሞ አረፈ፤ እዚያው ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ

አዳራሹ በስሙ ተሰይሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ተከፈተ። በመሐሉ ስምንት ዝሆኖች፣ ዙሪያውን 28 ዳዮራማዎች አሉት። ከእነዚህ አንዱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን ያሳያል። ሌላው በኬንያ ወንዝ ዳር ውኃ የሚጠጡ እንስሳትን የያዘ ሲሆን፣ የግሬቪ የሜዳ አህያ ከእነርሱ ጋር ቆሟል። ይህ እንስሳ ስሙን ያገኘው ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ ከላኩት ስጦታ ነው። የደጋ አጋዘንም ሆነ የግሬቪ የሜዳ አህያ ዛሬ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት ናቸው።