ቦርጭ፣ ስትሮክ እና ዊንስተን ቸርችል

ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳና የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። መጠሪያው የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበሩት ሰር ዊንስተን ቸርችል ነው። ስለ ቦርጭ ጉዳት ሲነሳ እኚህ ሰው እንደ መከራከሪያ ይጠቀሳሉ። ቦርጫም ነበሩ፣ ሲጋር ከአፋቸው አይለይም ነበር፣ ሆኖም 90 ዓመት ኖረዋል ይባላል። እውነት ነው። የመጨረሻዎቹ 15 ዓመታት እንዴት እንዳለፉ ግን አብሮ ሊነገር ይገባል።

ቸርችል የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1874 ነው። በወጣትነታቸው ፈረሰኛ ወታደርና የፖሎ ተጫዋች ነበሩ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ግን ሆዳቸው ወደ ፊት ወጣ። ጥሩ ምግብ፣ ሻምፓኝና ዊስኪ ይወዱ ነበር፤ የጠዋት ሥራቸውንም አልጋ ላይ ሆነው መሥራት ያዘወትሩ ነበር።

እ.ኤ.አ በነሐሴ 1949፣ በ74 ዓመታቸው፣ ደቡብ ፈረንሳይ ለእረፍት ሄደው ሳለ የመጀመሪያው ስትሮክ ያዛቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ መጻፍ ቸገራቸው። ያኛው በቀላሉ አለፈ። ሰኔ 23 ቀን 1953 ግን፣ ዳግም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ለጣሊያኑ መሪ ባዘጋጁት እራት ላይ፣ ከወንበራቸው መነሳት አቃታቸው፤ አንደበታቸውም ተያያዘ። አንዳንድ እንግዶች መጠጥ የበዛባቸው መሰላቸው። በማግስቱ አፋቸው ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበለ የሚኒስትሮች ስብሰባ መሩ። ከዚያም ግራ ጎናቸው ደከመ። ለሕዝቡ የተነገረው እረፍት ያስፈልጋቸዋል ተብሎ ብቻ ነበር። በብርቱ ጥረት አገግመው በጥቅምት ወር ፓርቲያቸው ፊት ንግግር ቢያደርጉም፣ በ1955 ሥልጣን ለቀቁ። ሌሎች ስትሮኮችም ተከተሉ፤ በጥር 1965 የመጣው ከባድ ስትሮክ ሕይወታቸውን ነጠቀ።

የቸርችልን ስትሮክ ያመጣው ቦርጫቸው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዕድሜም ትንባሆም አለበት። ይሁንና በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይለያል። ወደ ጉበት ስብ ይለቃል፤ ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ የደም ሥሮች እንዲጠቡም ያግዛል። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ስትሮክ ይከሰታል። ስለዚህ እጅና እግሩ ቀጭን የሆነ ሰውም ቦርጭ ካለው ከስጋት ነፃ አይደለም።

ራስዎን ለመመርመር ሜትር ይበቃል። ትንፋሽዎን አስወጥተው፣ ሆድዎን ሳይስቡ፣ ከታችኛው የጎን አጥንት እና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ባለው ቦታ ወገብዎን ይለኩ። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ስጋቱ መጨመር ይጀምራል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ደግሞ በእጅጉ ከፍ ይላል። የሆድ ስፖርት ብቻውን ቦርጭ አያጠፋም። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያድርጉ፤ የምግብ መጠን፣ ስኳር፣ ጨውና አልኮል ይቀንሱ፤ ትንባሆ ያቁሙ፤ የደም ግፊትዎን ይለኩ።

ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያያዘ እረፍት ወይም መጠጥ ነው ብለው አይዘናጉ። የሚበላና የሚጠጣ ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ። የተዘጋ የደም ሥርን የሚከፍተው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ቸርችል የቅርብ ክትትል የሚያደርግላቸው የግል ሐኪም ነበራቸው። ለአብዛኞቻችን ግን ትልቁ ሐኪም ቀድሞ መጠንቀቅ ነው።