ማክስ ታይለር፦ ቢጫ ወባን በክትባት የገታው ሰው

በዚህ ዓመት ልናስተዋውቃችሁ የመረጥነው ሰው ማክስ ታይለር ነው። በመካከላችን ስሙን የሰማን ጥቂቶች ብንሆንም፣ የሥራው ፍሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ክንድ ላይ አርፏል።

ታይለር እ.ኤ.አ. በ1899 በደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ተወለደ። አባቱ ከስዊዘርላንድ የመጣ የታወቀ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ልጁ ግን የሰው ሕክምናን መረጠና በኬፕታውን፣ ከዚያም በለንደን ተማረ። በ1922 አሜሪካ ገብቶ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሐሩር አገር በሽታዎችን ማጥናት ጀመረ።

ያኔ ቢጫ ወባ አፍሪካንና ደቡብ አሜሪካን ያስጨንቅ ነበር። ስሙ ወባ ይባል እንጂ ወላጆቻችን የሚያውቁት ወባ አይደለም። ይሄኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ትንኝ ነክሳ ታስተላልፈዋለች። ያተኩሳል፣ ያስታውካል፤ ሲከፋ ጉበትን ጎድቶ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ ደምም ያስፈስሳል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ተመራማሪዎቹም አላመለጡም፤ አድሪያን ስቶክስ በ1927 በሌጎስ፣ ሂዴዮ ኖጉቺ በ1928 በአክራ በዚሁ በሽታ ሞቱ።

ታይለርንም በ1929 ያዘው፤ ደግነቱ ዳነ። ሥራውንም አልተወም። ያኔ ምርምሩ የሚካሄደው በውድ ጦጣዎች ላይ ነበር፤ እሱ ግን በ1930 በአይጥ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ ኒውዮርክ በሚገኘው በሮክፌለር ፋውንዴሽን፣ በ1927 ታሞ ከዳነ አሲቢ ከሚባል ጋናዊ ደም የተገኘውን ቫይረስ ያዙ። በዶሮ ሽል ሕዋስ ውስጥ ደጋግመው ሲያሳድጉት፣ ቫይረሱ ሰውን የማሳመም ኃይሉን አጣ፤ ሰውነትን መከላከል ማስተማር ግን ይችላል። በ1937 17ዲ የተባለው ክትባት በዚህ መንገድ ተገኘ። ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በ1972 አረፈ።

መንገዱ ሁሉ ቀና አልነበረም። በ1942 ክትባቱ ውስጥ ይጨመር በነበረ የሰው ደም ፈሳሽ ምክንያት በአስር ሺህ የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች በጉበት በሽታ ታመሙ። ምክንያቱ ሲታወቅ ፈሳሹ ወጣ፤ ክትባቱ ያለ እሱ ቀጠለ። ይህን የምንጽፈው መርፌ ሲባል የሚጠራጠሩ ወላጆች ስላሉ ነው። መጠየቅ ጥሩ ነው፤ መልሱን መስማትም እንዲሁ።

ክትባት ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ የኢትዮጵያ ታሪክ ይነግረናል። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ በተነሳው ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰዎች ታመው 30,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። ክትባቱ ከተገኘ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እነሱ ጋ ግን አልደረሰም።

ዛሬ ብዙዎቻችን ከሠራዊት በኋላ ደቡብ አሜሪካን ልናይ እንሄዳለን፤ ቤተሰቦቻችንም ዘመድ ሊጠይቁ ኢትዮጵያ ይሄዳሉ። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ለአብዛኛው ሰው አንድ መርፌ ለዕድሜ ልክ ይበቃል። የሕፃናት፣ የነፍሰ ጡር፣ የአረጋውያን፣ የሰውነት መከላከያው የደከመና እንቁላል የማይስማማው ሰው ጉዳይ ግን ለየት ስለሚል አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ደግሞ አንርሳ፤ ይህ ክትባት ከተራው ወባ አያድንም፤ ለዚያ ሌላ ጥንቃቄ አለው።

ከመሄዳችን በፊት እንጠይቅ፤ አባትና እናቶቻችንንም እናስታውስ።